ሰርግም ለቅሶም የሌለበት ድንኳን

አሊ ሳቢህ፣ ማክሰኞ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርቲ

ጤናሽ እንዴት ነው? ትንሹን ይትባረክንስ የሆድ ቁርጠቱ ለቀቀው ወይ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ስለሆንኩ ትንሽ አፍሬያለሁ።

ዓደን የጫት መኪናውን ደወሌ ላይ አቁሞ የላክሽብኝን ቃል በሙሉ አደረሰልኝ፤ አንቺ የጮህሽበት ቦታ ላይ እሱም እየጮኸ። አዎ፣ ስልኬን የተውኩት አውቄ ነው። ረስቼው አይደለም። ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ ከነጠላዎቼ ስር፣ ድምፁን አጥፍቼ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። በስልክ ከሆነ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔ "እሺ" እላለሁ፤ ከዚያ በመጀመሪያው መኪና ተመልሼ ቤት እገባለሁ። በወረቀት ግን እሺ ለማለት ብዕር ማንሣት አለብኝ፣ ብዕር እስካነሣ ደግሞ ሐሳቤን አገኘዋለሁ።

"ማንን አስፈቅደሽ?" ላልሽው ማንንም አላስፈቀድኩም። ትናንት ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ የጎረቤታችን ልጅ አብዱልአዚዝ ላንድክሩዘሩ ላይ ድንኳን ይጭናል። ሰው እየሰበሰበ ጅቡቲ ድረስ ይዞ በየሜዳው የማሳደር ሥራው የሚያስቀን ነገር አይደል? አንድ ተጓዥ ቀርቶበት ወንበር ተርፎታል። "አቦ እማማ፣ ነይ ግቢ!" አለኝ ሲቀልድ። ተመልሼ ቤት ገባሁ፤ ለኢየሩሳሌም ብለን አውጥተነው ሳልሄድበት የቀረውን ፓስፖርት አወጣሁ፣ በእሱ ቦታ ስልኩን አስቀመጥኩ። ይዤ ስመጣ እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። ዳቦውን አለመግዛቴ ትዝ ያለኝ መልካ ጀብዱን ካለፍን በኋላ ነው፤ ለዳቦው ይቅርታ።

ሌሊቱን በድንኳን አደርን። እኛ ድንኳን የምናውቀው ለሰርግና ለለቅሶ ነው። እዚህ ሰርግም የለ፣ ለቅሶም የለ፤ ዝም ብሎ ይተኛበታል። ልጆቹ ሲተክሉት ዳር ቆሜ ልማድ ሆኖብኝ "ነፍስ ይማር" ልል ምንም አልቀረኝም።

ጉዞው እሑድ ያልቃል። ሰኞ ሥራ መግቢያሽ መሆኑን አልረሳሁም።

እናትሽ ጥሩወርቅ


ድሬዳዋ፣ ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017

ለእማዬ

ደብዳቤሽ ጫት ጫት እየሸተተ ደረሰኝ። ዓደን ከባዶ ጆንያዎቹ ስር ነው ጎትቶ ያወጣው። "እናትሽ ፊቷ በርቷል" አለኝ፤ አልጠየቅኩትም ነበር።

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ቁጣዬ ቀደመ። እኔ ደህና ነኝ። ይትባረክ ቁርጠቱ ለቆታል፤ ይልቅ ጣቱን ሁሉ አፉ ውስጥ እየከተተ ያለቅሳል። ሲነሣ በአንቺ ክፍል በኩል ነው የሚያየው።

ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቀኛል። እትዬ የሺመቤት "እናትሽ ኮበለለች አሉ" ብላ በመንገድ ላይ ሳቀችብኝ። ምን ልበላት? ሚስት ስትኮበልል ሰምቼ አውቃለሁ፤ አያት ስትኮበልል ግን የመጀመሪያዋ አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም።

በዓደን በኩል ለጠየቅሽኝ፦ አይ፣ ልጁን የሚይዝ ሌላ ሰው አልፈለግንም። ለምን እንፈልጋለን? የወሊድ ፈቃዴ እሑድ ያልቃል፤ ሰኞ ፋብሪካ እገባለሁ፤ ልጁን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ይህ ያለቀ ነገር ነው። አባቱ ይሳቅ ባጃጁን ይዞ ገና ሳይነጋ ይወጣል፤ የሠራተኛው መግቢያ ሰዓት ካመለጠው የቀኑ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ስናወራ አጠገባችን ነበርሽ። አንድም ቀን አይሆንም አላልሽም።

ነጠላሽን በደንብ ልበሺ፤ ሜዳ ላይ ብርድ አይጠፋም።

ማርቲ


አሳል ሐይቅ ዳር፣ ዓርብ ጥር 16 ቀን 2017

ማርቲዬ

ከደብዳቤሽ ጋር በቃል ለላክሽብኝ ጥያቄ፦ አይ፣ አልታመምኩም። ጉልበቴም ደህና ነው፤ እንዲያውም ረስቼዋለሁ። የሺመቤትን ተያት። ለመኮብለል እኮ የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔን የሚወስደኝ ሽሮ ሲያይ እጁን የሚያጨበጭብ የአምስት ሰው ቡድን ነው።

"ምን እየበላሽ ነው?" ላልሽኝ ስነግርሽ እንዳትስቂ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እኔ ጫማዬን አውልቄ ጨዉ ላይ ስራመድ እነ አብዱልአዚዝ ከአንድ እረኛ ፍየል ገዙ። ከስድስታችን ክርስቲያኖቹ እኔና ያ የመድኃኒት ቤቱ ግሩም ብቻ ነን። አብዱልአዚዝና እህቱ ሳሕራ ለካ በጎን ተመካክረዋል። "እኛ ካረድነው እማማ አትበላም። ከተነሣን ጀምሮ ለእኛ እየሠራች እሷ በቲማቲም ነው ያለችው። ዛሬ ለእኛ ይቅርብንና እሷ ትብላ" ተባብለው ቢላውን ለግሩም ሰጡት። ግሩም በስመ አብ ብሎ አረደ፣ ገፈፈ፣ ጥብሱን አሰናዳ። ስመለስ ሁሉም ቆመው ይስቃሉ።

"ብይ አቦ፣ ዋላሂ ላንቺ ነው!" አለችኝ ሳሕራ።

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?" አልኩ።

መንገድ ላይ ቀን ይጠፋል፣ ማርቲ። ግሩም በጣቱ ቆጠረና እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

እንግዲህ ነገሩን አስቢው። ግሩም ስላረደው እነሱ አይበሉትም። ረቡዕ ስለሆነ እኛ አንበላውም። አንድ ሙሉ ፍየል ታርዶ፣ ጥብሱ እሳት ላይ፣ ስድስት የራበው ሰው ዙሪያውን። ግሩም "መንገደኞች ነን እኮ፣ ለመንገደኛ እንኳ..." ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። ሳሕራ ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ሳቅን። እኔ ግን በሳቁ መሃል ዕንባዬ መጣ። እኔ እንድበላ ብሎ ሌላ ሰው ጦሙን ሊያድር ሲነሣ በዕድሜዬ አላየሁም። ቤታችን ውስጥ በመጨረሻ የሚበላው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ገና ያልተጠበሰውን በአሳል ጨውና በሚጥሚጣ አሽቼ ቋንጣ አድርጌ የድንኳኑ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ሐሙስ ጠዋት ሌላ ፍየል አስመጣሁና አብዱልአዚዝ በራሱ እጅ አረደ። እንደ ሰፈራችን ሰርግ ሁለት ምድጃ አበጀሁ፤ ድስቱን ለየሁ፣ ጭልፋውን ለየሁ፣ ሁሉም ከየራሱ ጠግቦ በላ። ከዚያ ወዲህ ቀን ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ጠዋት ከየድንኳኑ አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ "እማማ፣ ዛሬ ምንድን ነው?" ይሉኛል።

አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ስንነሣ ደስ ይለኛል፤ ስንደርስ ደግሞ ቀጣዩ የት ነው እላለሁ። ሌሎቹ ሻይ ሲጠጡ እኔ ገመድ እፈታለሁ። ይህ አመል እስከ ዛሬ የት ተደብቆ እንደኖረ እንጃ።

ይህን ከዚህ ጨው የሚጭን ሹፌር ለዓደን ያደርስልኛል። ይትባረክን የእግሩ መዳፍ ላይ ሳሚልኝ።

እናትሽ


ድሬዳዋ፣ እሑድ ጥር 18 ቀን 2017

እማዬ

እንደምን አለሽ? ስለ ፍየሏ ሳነብ ስቄያለሁ፤ ልዋሽሽ አልችልም። ከዚያ ግን ደብዳቤውን ገልብጬ ፈለግኩ። ረቡዕ አለ፣ ሐሙስ አለ። እሑድ የሚል ቃል የለም። ዛሬ እሑድ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ላንድክሩዘሩ ቆሞ አገኘዋለሁ ብዬ በጥድፊያ ነው የመጣሁት። በሩ ላይ ድመት ብቻ ተኝታለች። የአብዱልአዚዝ እናት ጋ ሄጄ ስጠይቅ "ወደ ታጁራ ተሻገሩ እኮ፣ አልነገረችሽም?" አሉኝ። እኔ ልጅሽ ከጎረቤት ሰማሁ፤ "ነግራኛለች" ብዬ ዋሽቼ ወጣሁ።

ዓደን ደግሞ ይባስ ብሎ ሌላ ነገረኝ። ከአሊ ሳቢህ ወዲያ ያለው ግራንድ ባራ የሚሉት ሜዳ ላይ መኪናው አቧራ እያስነሣ ሲሽከረከር አይቶ፣ "ይህ ሹፌር ምን ሆኗል?" ብሎ ጠጋ ሲል፣ መሪውን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ነጠላሽን አገልድመሽ! ይሳቅ ሰምቶ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ብትገለበጪስ? ማን ነበር የሚነግረኝ? አሁንም ዓደን?

በእሱ በኩል "ይሳቅስ?" ብለሽ ልከሽብኛል። ይሳቅ ምን? ልጁን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዳይፐር ሲያይ ከቤት ይወጣል። ደግሞም የጠዋት ሥራውን ተው ልለው ነው? አልለውም።

ነገ ሰኞ ነው፣ እማዬ። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ማርቲ


ታጁራ፣ ማክሰኞ ጥር 20 ቀን 2017

ማርቲዬ

ይቅርታ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው፤ ይህ ግን ይቅደም። የታጁራውን ከእኔ መስማት ነበረብሽ።

አዎ፣ ነድቻለሁ። ያልነገርኩሽ እንዳትስቂብኝ ፈርቼ አይደለም፤ እንዳትከለክይኝ ነው። ሳሕራ ናት ያስተማረችኝ። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ሰው የለው፣ የሚጋጩት ነገር የለው። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ዕድሜውን በሙሉ የምድር ባቡርን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖረ፤ እኔ ግን አንድ ሞተር እንኳ አስነሥቼ አላውቅም ነበር። መኪናው ከስሬ ሲነሣ ጮህኩ። ዓደን የፍርሃት መስሎት ይሆናል። የደስታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ግሩምና ሌሎቹ በአውቶቡስ ተመለሱ። አብዱልአዚዝ ጅቡቲ ከተማ ላይ ሌላ ቡድን ይቀበላል፤ ከእነሱም በኋላ ሌላ አለ፤ እንደ እኛው ክርስቲያንም ሙስሊምም የተቀላቀለበት። ትናንት ባሕሩ ዳር ጠራኝና "እማማ፣ ሁለቱን ምድጃ ካንቺ ሌላ ማንም አይችለውም። ሥራው ያንቺ ይሁን፣ ደመወዝተኛ ሁኚ" አለኝ። ከዚያ ቆም ብሎ "ትፈልጊያለሽ ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ስዳር ማንም አልጠየቀኝም። እህቶችሽ ሲወልዱ "እማዬ ትመጣለች" ተባለ፤ ሄድኩ፣ አረስኳቸው፤ ልጆቻቸውን አሳድጌ ተመለስኩ። ይትባረክም እንደዚያው ነው። "ማን ይይዘው?" የሚል ወሬ እንኳ አልተነሣም፤ አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አልጋው እኔ ክፍል ገብቶ አገኘሁት። ልጁን እንደ ዓይኔ ነው የምወደው። ይህን እንዳትጠራጠሪ። ግን ስወደው ጊዜ ሁሉም ነገር የተፈቀደ መሰላችሁ።

እስከ የካቲቱ ኪዳነ ምሕረት በዓል እቆያለሁ ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ ስጠኝ አልኩት። እንቅልፍ የለኝም። ከድንኳኑ ወጥቼ ዳር ዳሩን እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ።

ጥርሱ ወጣ ወይ? ጣቱን አፉ ውስጥ ይከታል ያልሽው ድዱ በልቶት ነው። ስለ ሰኞ ምንም አልሰማሁም። እነ አብዱልአዚዝ ጅቡቲ ላለው ለዓደን ደውለው ሲጠይቁልኝ እሱም ዝም አለ፤ ዓደን ዝም ሲል ደግሞ እፈራለሁ።

እናትሽ


ድሬዳዋ፣ ሐሙስ ጥር 22 ቀን 2017

እማዬ

ዓደንን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ይትባረክን አዝዬው ሄድኩ። የፋብሪካው ሰርቪስ መኪና ውስጥ የሥራ ጓደኞቼ እየተቀባበሉ አጫወቱት፤ ሁሉም ነገር የሚሆን መሰለኝ። በሩ ላይ ግን ጥበቃው አቆመኝ። አለቃዬ ወጥታ "ማርቲ፣ የሚይዝልሽ ሰው የለም እንዴ?" አለችኝ። "እናቴ መንገድ ላይ ናት" አልኳት። መቼም ሐሰት አይደለም፣ መንገድ ላይ ነሽ። የዚህን ሳምንት ታገሠችኝ። በሚመጣው ሰኞ ካልገባሁ ማሽኔን ለሌላ ሰው ትሰጣለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ማሽኑ ቆሞ መዋል አይችልም። በሰው ባጃጅ ተሳፍሬ ቤት እስክደርስ አለቀስኩ፤ ለይሳቅ አልነገርኩትም።

ጥርሱ ወጥቷል። በሄድሽ ማግስት ነው ያየሁት፣ ከታች በኩል። ያልጻፍኩልሽ ለማየት ስትይ እንድትመጪ ነበር። ደግሞ እየቀጣሁሽ ነበር መሰለኝ።

ደብዳቤሽን ስጨርስ በንዴት ወረቀቱን ጨመደድኩት። ከዚያ ሄጄ አልጋውን አየሁ። እውነትሽን ነው፤ እኔና ይሳቅ ነን ያስገባነው፣ አንቺ ታይዋን ገበያ በሄድሽበት። ስትመጪ ዘንቢሉን አስቀምጠሽ የልጁን ትራስ አስተካከልሽ። እኔ ትራሱን ነው ያየሁት። ፊትሽን አላየሁም።

ስለዚህ አሁን እጠይቅሻለሁ። ከዚህ በፊት ጠይቄሽ ስለማላውቅ እንዴት እንደሚጠየቅም አላውቅበትም። እማዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ልጄን ትይዢልኛለሽ? ይህ ሥራ ከሄደ ሌላ አላገኝም። ልጄን እወደዋለሁ፤ ግን ቀኑን ሙሉ አራት ግድግዳ ውስጥ ከሆንኩ ራሴን እጠላለሁ። ባለፉት ወራት ስንት ጊዜ ያለ ምክንያት ደጅ ወጥቼ እንደተመለስኩ አንቺ አይተሻል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዓደን በጀልባ ለሚሻገር ሰው እሰጥልሻለሁ ብሎኛል። መልስሽ እሑድ ይድረሰኝ። ምንም ይሁን፣ ይድረሰኝ።

ልጅሽ ማርቲ


ታጁራ፣ ቅዳሜ ጥር 24 ቀን 2017

ልጄ ማርቲ

ስለጠየቅሽኝ እግዜር ይስጥልኝ።

አልችልም።

ይህችን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ። ወደ ጅቡቲ የሚሻገረው ጀልባ መቼ እንደሚነሣ ጠየቅኩ፤ ልብሴንም በፌስታል አሰርኩ። ሳሕራ አየችኝና ምንም ሳትለኝ ልታደርሰኝ የመኪናውን ቁልፍ አነሣች። "ትንሽ ቆዪ" አልኳት። ተመልሼ ተቀመጥኩና ይኸው ወረቀቱን ሳልቀድደው እቀጥላለሁ።

ደጅ ወጥተሽ ስትመለሺ አይቼሻለሁ። ወተት ያለቀ እያስመሰልሽ፣ ቆሻሻ የምትጥይ እያስመሰልሽ። የማን ልጅ እንደሆንሽ መች አጣሁት። ስለዚህ ቤት ተቀመጪ አልልሽም፤ ቤት ብትቀመጪ አንጀቴ አያርፍም። ግን አንቺ እንድትወጪ እኔ ልግባ የሚለው ነው አልዋጥልኝ ያለው። ብመጣ እይዘዋለሁ፤ እስቅለታለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አስተኛዋለሁ። ከዚያ በመስኮት የዓደንን መኪና ጡሩንባ ስሰማ አንቺንም ልጁንም በልቤ መቀየም እጀምራለሁ። እንደዚያ ሆኜ ልይዘው አልፈልግም።

እኔን መጠየቅ እንዴት እንደከበደሽ አንብቤዋለሁ። ያንኑ ያህል ከብዶሽ ይሳቅን ጠይቀሽዋል? "አልለውም" ነው ያልሽኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል አልሽ። ትልቋን እህትሽን መጀመሪያ ሳጥባት የእኔ እጅ የሚሆነውን ብታዪ ኖሮ! ጎረቤት ነው ሮጦ የያዘልኝ። ስለያዝኳት ለመድኩ እንጂ ለምጄ አልያዝኳትም። የጠዋት ሥራውን ቢያጣ ይጎዳል፤ አውቃለሁ። አንቺም ትጎጂያለሽ፣ እኔም እጎዳለሁ። ግን እስካሁን የሦስታችን ጉዳት አንድ ላይ ተቆጥሮ አያውቅም።

ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ክፉ አማት ናት ቢለኝ ግድ የለኝም።

ለኪዳነ ምሕረት እመጣለሁ። ጥቂት ቀን ሰንብቼ ከሚቀጥለው ቡድን ጋር እመለሳለሁ፤ ለአብዱልአዚዝ ዛሬ መልሴን ነገርኩት። ብትቆጪኝም ተቆጪኝ፣ በሩን ግን አትዝጊብኝ። እወድሻለሁ፣ ማርቲ። ይህንን በአፌ ብዬሽ አላውቅም መሰለኝ።

እናትሽ ጥሩወርቅ


ድሬዳዋ፣ እሑድ ጥር 25 ቀን 2017

እማዬ

ተቆጥቻለሁ። ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልሻለሁ።

ዓደን ደብዳቤውን ሲሰጠኝ እንደ ሁልጊዜው ቆሞ ወሬ አልጠበቀም፤ ፊቴን አይቶ መኪናውን አስነሣ። ግቢ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ሁለተኛዋ መስመር ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ጡቴ ስር ወሸቅኩትና ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። ንጹሑንም ሳላጥበው አልቀረሁም። የቀረውን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው።

አመሻሽ ላይ ይሳቅ ባጃጁን አጥቦ ሲገባ፣ ገና ከደጃፉ ሳያልፍ፣ "ቁም፣ የማነብልህ አለ" አልኩት። ከላይ ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። "አልችልም" የሚለው ላይ ስደርስ አቆምኩ። ወረቀቱን ተቀበለኝና የቀረውን እሱ አነበበው። ስሙ ያለበት ጋ ሲደርስ ቀስ አለ፤ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ እንደገና አነበበ።

ልለምነው ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ሁሉም ጠፋብኝ። "አንተ ትይዘዋለህ?" ብቻ አልኩት።

ይትባረክ ምንጣፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ ቀና ብሎ ያየናል። ይሳቅ ወደ እሱ አየ፣ ወደ ባጃጁ አየ። አሁን የጠዋቱን ሥራ ሊያነሣብኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ አንዴ ጠርጎ አልበቃውም፣ ደገመው።

"ነገ ሰርቪስሽ ስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?" አለኝ።

ማርቲ